የፓይለት ሰዓት ለድሬዳዋ እጅ

ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ «የፓይለት ሰዓት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ሳያንገራግር አንድ ሳጥን ሙሉ ያወርድላችኋል። ጥቁር ገጽ፣ ትልልቅ ነጭ ቁጥሮች፣ ቡናማ የቆዳ ማሰሪያ፣ ጀርባው ላይ የተቀረጸች አውሮፕላን። «ኦርጅናል ነው አቦ፣ ወላሂ!» ይከተላል። ኦርጅናል ሊሆንም ይችላል። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ይህ ሰዓት በግንቦት ሙቀት፣ በባጃጅ አቧራ፣ ቀኑን ሙሉ በሚያልበው እጅ ላይ ምን ያህል ይቆያል?

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። የፓይለት ሰዓት ትልቁ ጸጋው ገጹ ነው፤ በአንድ እይታ ይነበባል። ጥንካሬ ግን ከስሙ ጋር አብሮ አይመጣም። ጥንካሬ ለብቻው የሚጠየቅ፣ ለብቻው የሚፈተሽ ነገር ነው። የሚገኘውም ገዢ ብዙ ጊዜ በማያያቸው ቦታዎች ነው፤ በጎሚኒው (ክዳኑ ስር ባለችው የጎማ ቀለበት)፣ በመስታወቱ፣ በማሰሪያው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወንዶች ሰዓት የሚይዙት በኪሳቸው ነበር። ፓሪስ ላይ የሚበረው ብራዚላዊ አልቤርቶ ሳንቶስ-ዱሞን ሁለት እጁ በመሪው ተይዞ ከኪሱ ሰዓት ማውጣት ቸገረው። ወዳጁ ሉዊ ካርቲየ እ.ኤ.አ. በ1904 በእጅ የሚታሰር ሰዓት ሠራለት። ድሬዳዋ ያን ጊዜ ባቡሩ ደርሶ ከተቆረቆረች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር።

ዛሬ «የፓይለት» የምንለውን መልክ ያወጣው ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የጀርመን አየር ኃይል በአውሮፕላን ላይ አቅጣጫ ለሚቀይሱ ሰዎች ሰዓት አሠራ። ሠሪዎቹ አምስት ነበሩ፦ ኤ. ላንገ ኡንድ ዞነ፣ አይደብሊውሲ፣ ላኮ፣ ስቶቫ እና ቬምፐ። የሰዓቱ ስፋት 55 ሚሊ ሜትር ነበር። ያ የእጅ ሰዓት ከመባል ይልቅ የግድግዳ ሰዓት ቢባል ይቀላል። ማሰሪያው በጣም ረጅም የሆነው ከወፍራም ጃኬት በላይ ስለሚታሰር ነው። የጎኗ ማዞሪያ የተለቀችው በጓንት እንድትያዝ ነው። በ12 ቁጥር ቦታ ሦስት ማዕዘንና ሁለት ነጥብ የተደረገው በጨለማ ላይና ታቹ እንዲለይ ነው። የሰዓቱን ሞተር የከበበው የለስላሳ ብረት ሽፋን ደግሞ ማግኔትን ለመከላከል ነው።

እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌለውን ልብ በሉ። ውኃ የለም። ላብ የለም። ሰዓቱ ከጃኬት በላይ የሚታሰር ስለነበር የሰው ገላ እንኳ አይነካም። የዛሬዎቹ የልጅ ልጆቹም ይህን ጠባይ ወርሰዋል። ዋጋቸው የማይቀመስ የፓይለት ሰዓቶች ሳይቀሩ ውኃ የመቋቋም አቅማቸው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ባር (የግፊት መለኪያ) ነው። ለኛ ከተማ ሰዓት ደግሞ የመጀመሪያው ጠላት ውኃ ነው።

ውኃና ላብ

ጀርባው ላይ «30 ሜትር» ወይም «3 ባር» የሚል ጽሑፍ ብታዩ 30 ሜትር ጠልቆ ይዋኛል ማለት አይደለም። ሰዓቱ አዲስ ሳለ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ያን ያህል ግፊት ችሏል ማለት ነው። በኑሮ ቋንቋ ሲተረጎም እጅ ስትታጠቡ የሚረጨውን ውኃ ይችላል፣ አለቀ። 50 ሜትር ትንሽ ይሻላል። 100 ሜትር ወይም 10 ባር ካለ ይዋኙበታል፣ መኪና ያጥቡበታል።

«እኔ የት እዋኛለሁ?» የሚል አይጠፋም። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው ግን እስከ ክርኑ ነው የሚታጠበው። ሰዓቱን በየጊዜው እያወለቀ ቧንቧው ጠርዝ ላይ ማስቀመጥ አንድ ቀን ረስቶት ለመሄድ ነው። ስለዚህ ለድሬ ሰው ዝቅተኛው 100 ሜትር ነው እላለሁ። ማዞሪያዋ በጥርስ የምትጠብቅ ዓይነት ከሆነች ደግሞ እሰየው። ካላጠበቃችኋት ግን የተጻፈው ሜትር ሁሉ ከንቱ ነው።

ውኃውን የሚያስቀረው ብረቱ አይደለም። ጎሚኒው ነው። ሰዓት ሠሪ ጋ ሄዳችሁ ባትሪ ስታስቀይሩ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ክዳኑ ሲነሳ በጠርዙ ዙሪያ የተቀመጠች ቀጭን ጥቁር ቀለበት አለች። ጤነኛዋ ትላመጣለች፣ ትንሽ ቅባት አላት፣ ስትነኳት ወደ ቅርጿ ትመለሳለች። ያረጀችው ጠፍጥፋለች፤ በጥፍር ሲነኳት ትቆረሳለች። በዙሪያዋ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ካለ የደረቀ የላብ ጨው ነው። ከሱ ቀጥሎ ቡናማ ነጥብ ከታየ ዝገቱ ጀምሯል። ሙቀት፣ ላብና ሳሙና ጎሚኒ ያደርቃሉ። እኛ ጋ ሦስቱም በሽ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሰዓቱ ፀሐይ ላይ ሲውል በውስጡ ያለው አየር ይሞቃል፣ ይሰፋል። በዚያው ግለት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ባንዴ ይኮማተራል፣ ውጪውን ወደ ውስጥ ይስባል። ጎሚኒው ደካማ ከሆነ የሚገባው እርጥበት ነው። ከመስታወቱ ስር ጉም የመሰለ ነገር ካያችሁ «ይደርቃል» ብላችሁ አትተዉት። እዚያው ቀን ይከፈት።

ከፍታስ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ይገርመኛል፤ ግን ጥያቄው ተገቢ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመጣጠናል። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከድሬ ተነስቶ በደንገጎ በኩል ሐረር የሚወጣ ሰው ሰዓቱ ከበረራ ብዙ ያልራቀ የግፊት ለውጥ አይቷል ማለት ነው። ምንም አይሆንም። አውሮፕላን ለሰዓታችሁ ከቧንቧ ውኃ ያነሰ አደጋ ነው።

ማሰሪያው

የፓይለት ሰዓት ቆዳ ማሰሪያ፣ በተለይ ሁለት የብረት ችንካር ያለበት፣ መልኩ ልብ ይሰርቃል። ሐረር ላይ፣ በብርዱ ወር፣ ይሁን። ድሬ ላይ ግን አንድ በጋ ሳያልፍ ውስጡ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ይሸታል። ሽታው ደግሞ ከእጅ ጋር ወደ ገበታ ይቀርባል።

ናይለን ይሻላል። በተለይ አንድ ወጥ ሆኖ ከሰዓቱ ሆድ ስር የሚያልፈው ዓይነት። የዚህ ማሰሪያ ምንጭ የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው መመዘኛ ነው። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ታጥቦ ገመድ ላይ ከተሰጣ በኛ ፀሐይ ወዲያው ይደርቃል። ሁለተኛ፣ ማሰሪያውን ከቀፎው ጋር የሚይዙት ስፕሪንግ ያላቸው ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው፤ አንዷ ብትበጠስ ሰዓቱ በሌላዋ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በሌላ ማሰሪያ ግን አንዷ ስትበጠስ ሰዓቱ አስፋልት ላይ ነው። በነገራችን ላይ እነዚህ ዘንጎች የሳንቲም ያህል ነገር ናቸው። ሰዓት በገዛችሁ ቀን በጥሩ አስቀይሯቸው።

የብረት ማሰሪያም ጥሩ ነው፤ በየመገጣጠሚያው የሚገባውን ላብና አቧራ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማጠብ ከቻላችሁ። ጎማው ለውኃ ጥሩ ሆኖ ከስሩ ግን እጅ ያልባል። የማሰሪያውን ወርድ በሚሊ ሜትር እወቁ፤ የተለመዱት 20 እና 22 ናቸው። ከዚህ ወጣ ያለ ሰዓት ከገዛችሁ ምትክ ስትፈልጉ ከቀፊራ ገበያ እስከ አሸዋ ገበያ መዞር ነው።

አቧራውና መስታወቱ

መስታወት ሦስት ዓይነት ነው። ፕላስቲኩ አይሰበርም፣ ግን በሸሚዝ ቁልፍ እንኳ ይጫራል። ጭረቱ ቀላል ከሆነ በጥርስ ሳሙና ተወልውሎ ይጠፋል። ሚኒራሉ የተለመደው ብርጭቆ ነው። ሦስተኛው ሳፋየር ነው።

ለኛ ምርጫውን የሚወስነው አሸዋ ነው። የማዕድን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 ይለካል፤ 10ሩ አልማዝ ነው። በተለመደው አሸዋ ውስጥ በብዛት ያለው ኳርትዝ 7 ነው። ሚኒራል መስታወት ከ5 እስከ 6 አካባቢ ላይ ይወድቃል። ሳፋየር 9 ነው። ደረቁን የደቻቱ ወንዝ አቋርጦ የሚመላለስ ሰው አሸዋው እጅጌው ውስጥም አለ። ስለዚህ ሚኒራል መስታወት በጨርቅ በተወለወለ ቁጥር በራሱ በአቧራው ይጫራል። ሳፋየር አይጫርም። የሳፋየር ጉዳቱ ጠርዙ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ሊሸረፍ መቻሉ ነው። እኔ ግን ያለማመንታት ሳፋየር እላለሁ። ሰዓቱ የፓይለት ከሆነ ዋናው ሥራው መነበብ ነው፤ የተጫረ መስታወት ያንኑ ይነጥቀዋል።

ማግኔትን በአጭሩ ልለፈው። ሞተሩ መካኒካል ከሆነ ውስጡ ያለችው የፀጉር ያህል ቀጭን ስፕሪንግ በማግኔት ስትያዝ ቀለበቶቿ ይጣበቃሉ፣ ሰዓቱም በቀን በደቂቃዎች ይፈጥናል። ጥፋተኞቹ ቤታችን ናቸው፤ ስፒከር፣ ማግኔት ያለው የስልክ ከቨር፣ የሴቶች ቦርሳ መቆለፊያ። መፍትሔው ቀላል ነው። ማግኔት ማውጫ ዕቃ ያለው ሰዓት ሠሪ ወዲያው ይጨርሰዋል። በባትሪ የሚሠራው ደግሞ ማግኔት አጠገብ ሳለ ሊቆም ይችላል፣ ሲርቅ መሥራቱን ይቀጥላል። «አንቲማግኔቲክ» የሚል ሰዓት በዓለም አቀፉ መመዘኛ መሠረት 4,800 አምፔር በሜትር የሆነ መስክ መቋቋም አለበት። «ሾክ ሬዚስታንት» የሚለውም የራሱ ፈተና አለው፤ ከ1 ሜትር ከፍታ ጠንካራ እንጨት ላይ ከመውደቅ ጋር የሚመጣጠን ምት ነው። የሴራሚክ ወለል አልተባለም።

ባትሪ፣ ፀሐይ ወይስ አውቶማቲክ?

አውቶማቲክ የእጃችሁን እንቅስቃሴ እየተመገበ ይሠራል። ባትሪ አይፈልግም፤ ድምፁም ደስ ይላል። ግን ርካሹ ሞተር በቀን በአሥር ቤት በሚቆጠሩ ሰከንዶች ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ «ጤነኛ ነው» ይባላል። ካወለቃችሁት በሁለት ቀን ገደማ ይቆማል። በየጥቂት ዓመቱ ተፈትቶ መታጠብና ዘይት መቀባት አለበት። ያን ሥራ በእርግጥ የሚችል ሰዓት ሠሪ በየከተማው እያነሰ ነው።

የባትሪው ሞተር ልቡ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ኳርትዝ ነው። ስህተቱ በወር ከ15 እስከ 20 ሰከንድ አካባቢ ነው። የድሬ ሙቀት ትንሽ ያዘገየዋል፤ ግን ልዩነቱን በዓይን አታገኙትም። ደካማ ጎኑ ባትሪው ነው። ያለቀ ባትሪ ውስጡ ከተተወ ኬሚካል ሊያፈስና ሞተሩን ሊበላ ይችላል። ስለዚህ የቆመ ሰዓት መሳቢያ ውስጥ አይጣል፤ ባትሪው ይውጣ።

ሦስተኛው በብርሃን የሚሞላው ነው። ሲትዝን «ኢኮ-ድራይቭ»፣ ካሲዮ «ታፍ ሶላር» ይሉታል። ለኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለው። አንዴ ከሞላ ብዙዎቹ በጨለማ ለወራት ይሠራሉ፤ ክዳኑም በየሁለት ዓመቱ ስለማይከፈት ጎሚኒው አይነካካም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። «ይሞላልኝ» ብሎ መኪና ዳሽቦርድ ላይ መተው አይሆንም። ከ60 ዲግሪ በላይ የሆነ ግለት ይጎዳዋል፤ የቆመ መኪና መስታወት ስር ድሬ ላይ እዚያ መድረስ ከባድ አይደለም። መስኮት አጠገብ ይበቃዋል።

የሐበሻ ሰዓትና የፓይለት ገጽ

ይሄኛው ከውጭ በሚመጡ ምክሮች ውስጥ የማታገኙት ነው፤ ለኛ ግን የየቀን ጉዳይ ነው።

ስልካችን በፈረንጅ ነው። የአውሮፕላን ትኬቱ በፈረንጅ ነው። ቀጠሮአችን በሐበሻ ነው። «ነገ 1 ሰዓት» እና ትኬቱ ላይ ያለው «7፡00» አንድ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ እንቅልፍ ባላለቀለት ሰዓት ግን ጭንቅላት ይምታታል። ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት በመሆኑ አንድ ውለታ ውሎልናል። በክቡ ገጽ ላይ 6 ሰዓት ማለት ልክ ትይዩው ማለት ነው። አጭሩ ቆጣሪ 7ን ሲያሳይ ጭራው 1ን ያሳያል። አንዱን ጫፍ ለፈረንጅ፣ ሌላውን ለሐበሻ ማንበብ ይቻላል። ደቂቃው ያው ነው።

ይህ እንዲሠራ ግን ቁጥሮቹ በሙሉ ገጹ ላይ መኖር አለባቸው። የፓይለት ሰዓት ገጽ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው፣ «ታይፕ ኤ» የሚባለው፣ ከ1 እስከ 11 ያሉትን በትልቁ ይጽፋል፣ 12ቱ ላይ ሦስት ማዕዘን ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1941 የመጣው «ታይፕ ቢ» ደግሞ ዳር ዳሩን 5፣ 10፣ 15 እያለ ደቂቃውን ያተልቃል፤ ሰዓቱን መሐል ላይ በትንሽ ክብ ይከታል። ፎቶ ላይ የሚያምረው ሁለተኛው ነው። ሁለት አቆጣጠር ለሚያነብ ሰው የሚመቸው ግን የመጀመሪያው ነው።

ሌላው መንገድ ከ1 እስከ 12 የተጻፈበት የሚዞር ቀለበት ነው። ሰዓቱን በፈረንጅ ሙሉት፣ ከዚያ የቀለበቱን 12 በገጹ 6 ትክክል አምጡት። ከአሁን በኋላ ገጹ ፈረንጅ፣ ቀለበቱ ሐበሻ ነው። 24 ሰዓት የሚዞር አራተኛ ቆጣሪ ያለው ሰዓት ደግሞ አብራሪዎች ለዓለም አቀፉ ሰዓት የሚጠቀሙበት ነው፤ እኛ ከሱ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ግን ለዚያኛው አገር ቢሞላው ይጠቅመዋል፤ እህቱን በሌሊት ከመቀስቀስ ይድናል።

ቀን የምታሳየው መስኮት ግን ለኛ ጣጣ ነች። የሰዓቱ ማሽን ሁልጊዜ እስከ 31 ይቆጥራል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከያዛችሁት በዓመት 5 ጊዜ ታስተካክሉታላችሁ። በኛ ከያዛችሁት እያንዳንዱ ወር 30 ነውና በየወሩ፣ ጳጉሜ ሲጨመር 13 ጊዜ ነው። ሰዓቱን በሐበሻ ከሞላችሁት ደግሞ «እኩለ ሌሊት» የሚመስለው 12 ሰዓት ነው። ቀኑ ወይ ንጋት ላይ ወይ ማታ መብራት ሲበራ ይቀየራል። ንጋት ላይ እንዲሆን አድርጉት፤ ቆጣሪውን ወደፊት እያዞራችሁ ቀኑ ሲዘል እሱን የንጋት 12 ብላችሁ ቀጥሉ። አንድ ነገር አትርሱ። አብዛኞቹ መካኒካል ሰዓቶች ቀን የሚቀይሩት ጥርሶቻቸው ቀድመው ይያያዛሉ፤ ከመዝለሉ 3 ሰዓት በፊትና 3 ሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ ቀኑን በማዞሪያ መግፋት ጥርስ ይሰብራል። መጀመሪያ ቆጣሪዎቹን ወደ 6 አውርዱ፣ ከዚያ ቀኑን ንኩ። ቀን የሌለው ገጽ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ኦሪጅናሎቹ የጀርመን ሰዓቶችም ቀን አልነበራቸውም።

በዙሪያው ጥቃቅን ቁጥር የተሞላውስ? እ.ኤ.አ. በ1952 ብራይትሊንግ «ናቪታይመር» ላይ ያደረገው የማስሊያ ቀለበት ነው። ሁለቱን ቀለበቶች አገናኝቶ ማባዛትና ማካፈል፣ የነዳጅ ፍጆታና ፍጥነት ማስላት ይቻላል። የባጃጅ ቤንዚን ሊሰላበት ይችላል፤ ግን ስልክ ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ገጹን ያጨናንቃል፣ ቀለበቱ ስርም አቧራ ይገባል። ለመልኩ የወደደ ይግዛ፣ ሌላው ይለፈው።

ጨለማ ላይ የሚያበራው ቀለም ግን ቁም ነገር ነው። መብራት በሄደ ምሽት ዋጋው ይታወቃል። የዛሬዎቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ጃፓን ውስጥ ከተሠራው «ሉሚኖቫ» የመጡ ናቸው፤ ብርሃን ጠጥተው ቀስ እያሉ ይተፉታል፣ ምንም ጉዳት የላቸውም። ከአያት የቀረ አሮጌ ሰዓት ካላችሁ ግን ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ ድረስ ራዲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ማዕድን ይቀባ ነበር። ማብራቱን ካቆመ በኋላም ጨረሩ አለ፤ ግማሹ ለመጥፋት 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። ለማስታወሻ ይቀመጥ፣ ግን ቤት ውስጥ አይከፈት፣ ቀለሙም አይፋቅ፤ አቧራው ሲተነፈስ ነው የሚጎዳው።

ሱቅ ስትደርሱ

መጀመሪያ እጃችሁ ላይ አድርጉት። ትልቅ መሆን የፓይለት ሰዓት ወግ ነው፤ ጃኬት ለሌለው እጅ ግን ከ38 እስከ 42 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ማሰሪያው የሚገባባቸው ጆሮዎች ከእጅ አንጓችሁ ስፋት ካለፉ ሰዓቱ በየበሩ ሲጋጭ ይኖራል።

ቀጥሎ ትንንሾቹን ክቦች እዩ። ሰዓቱ ሦስት ትንንሽ ክብ ካለው በጎን ያለውን ቁልፍ ተጫኑ። ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር ከሌለ ክቦቹ ሥዕል ናቸው። በዚህ የዋሸ ሰው ስለ ውኃውም እውነት አይነግራችሁም። ማዞሪያዋን ሳቡ፤ መወዛወዝ የለባትም። ጀርባውን አንብቡ፤ «ስቴንለስ ስቲል» እና «ስቴንለስ ስቲል ባክ» አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ክዳኑ ብቻ ብረት ነው፣ ቀፎው የተለበጠ ርካሽ ማዕድን ነው ማለት ነው። ልባጩ በላብ ይላጣል፣ ከስሩ የሚወጣውም የብዙ ሰው ቆዳ ያሳክካል። ከዚያ መዳፋችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ቁጥሮቹም ቆጣሪዎቹም እኩል ማብራት አለባቸው።

ስም ልጥራ። ሴይኮ 5 ውስጥ ኤስኤንኬ809 የምትባል ነበረች፤ 37 ሚሊ ሜትር፣ አውቶማቲክ፣ ታይፕ ቢ ገጽ። ብዙ ሰው የፓይለት ሰዓት የጀመረው በሷ ነው። አሁን ምርቷ ቆሟል፣ በእጅ አዙሪት ትገኛለች። ቆንጆ ነች፤ ግን የውኃ አቅሟ 30 ሜትር ብቻ ነው፣ መስታወቷም ሳፋየር አይደለም። ለድሬ አልመርጣትም። የሲትዝን ብርሃን ጠጪዎች፣ 100 ሜትር የሆኑት፣ ከሁሉም ይልቅ ለኑሯችን ይቀርባሉ፤ የመስታወቱን ዓይነት ግን በየሞዴሉ ጠይቁ፣ ይለያያል። ኪሱ የሚፈቅድለት የላኮን መነሻ ሰዓቶች ይይ፤ ሳፋየር አላቸው፣ ገጻቸው የዋናው ልጅ ነው፣ ውኃው ግን 5 ባር ነውና ውዱእ ላይ ይውለቁ። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካለ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ2016 ዲን 8330 የሚባል የፓይለት ሰዓት መመዘኛ አውጥተዋል። መነበብን፣ የግፊት ለውጥን፣ ሙቀትና ቅዝቃዜን፣ ማግኔትን ሁሉ ይፈትናል። ዚን ከሚሠሩት ጥቂቶች አንዱ ነው። ዋጋውን ስትሰሙ ቁጭ በሉ።

በጀቱ ትንሽ ከሆነ ቅደም ተከተሌ ይህ ነው። መጀመሪያ 100 ሜትር፣ ከዚያ እውነተኛ ብረት ቀፎ፣ ከዚያ ሳፋየር። ሞተሩ በመጨረሻ ይምጣ። ተራ የጃፓን ኳርትዝ በጥሩ ቀፎ ውስጥ፣ በመጥፎ ቀፎ ውስጥ ካለ ውድ አውቶማቲክ ብዙ ዕድሜ አለው።

ከገዛችሁ በኋላ ሥራው ጥቂት ነው። ማታ ስትገቡ በእርጥብ ጨርቅ ጨውን ጥረጉት። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ጎሚኒው አብሮ ይቀየር፤ ሠሪው «ደህና ነው» ቢላችሁም የራሳችሁን ገዝታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ውኃ መቋቋሙን የሚለካ መሣሪያ ከሌለው ደግሞ ጀርባው ላይ የተጻፈውን 100 ሜትር ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ 30 ቁጠሩት።